ጓሮው የሸፈነልሽ

የዳዊት እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ከተለየሽኝ አንድ በጋ አልፎ አንድ ክረምት ተጨመረበት። ለሞተ ሰው እንደምን ሰነበትሽ ይባላል ወይ የሚለኝ አይጠፋም፤ እኔ ግን ደብዳቤ በሰላምታ ይጀምራል እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬ ላንቺ ስጽፍ ሰላምታውን ልዘለው አልችልም። በአማርኛ መጻፌንም እንዳትታዘቢኝ። ቤታችን ውስጥ የተጣላነውም የታረቅነውም በወላይትኛ ነው። ገና ሳንጋባ ከመምህራን ማሠልጠኛ በአማርኛ ደብዳቤ ስልክልሽ፣ «ይሄ ሰውዬ የሚጽፈው ለእኔ ነው ወይስ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት?» እያልሽ ከጓደኞችሽ ጋር ትስቂ እንደነበር ራስሽ ነግረሽኛል። ምን ላድርግ፣ እጄ የለመደው ይህንን ነው። ደግሞም ዛሬ የምነግርሽን ነገር በወላይትኛ ልጀምረው ስል ድምፅሽ ይመጣብኛል፤ ያኔ አፍርና ዝም እላለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ቡሬዋ በግንቦት ወለደች፤ ጥጃው ወንድ ነው፣ እንደ እናቱ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። የማድ ቤቱ ክዳን እንደተውሽው ያፈሳል፤ ቆርቆሮውን አስቀይራለሁ እያልኩ ክረምቱ ቀደመኝና ድስቶችሽን ከሚያንጠባጥበው ሥር ደርድሬ ከረምኩ። ከበራችን ወደ ገሱባ ገበያ የሚወርደው መንገድ ሞተር በዝቶበታል፤ ጭቃው ግን ያው የምታውቂው ጭቃ ነው። ሩት እዚያው ሶዶ መሥሪያ ቤቷ ናት። በየቀኑ ትደውልና «አባ፣ በላህ?» ትለኛለች፤ በልቻለሁ እላታለሁ፤ እንዳላመነችኝ ግን አውቃለሁ። ዳዊት ሐዋሳ ባንኩ ውስጥ ኃላፊ ሆኗል። ድምፁም ኃላፊ ሆኗል፤ ስልክ ሲደውልልኝ አንዳንዴ ብድር የጠየቅኩት ይመስለኛል።

ስለ ጓሮሽ ልጽፍ ስል ግን ብዕሩ አልታዘዝ ይለኛል።

ሳስተምር በነበረ ጊዜ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ውስጥ የፈረንጅ ክረምት የሚባል ሥዕል ነበር። ዛፉ ራቁቱን ቆሟል፣ አትክልቱ ሞቷል፣ መሬቱ ነጭ ነው። ልጆቹ «ቲቸር፣ ይሄ በጋ ነው እንጂ ክረምት ነው እንዴ?» ብለው ያፋጥጡኝ ነበር፤ አልፈርድባቸውም። የእኛ ክረምት ጓሮ የሚለብስበት ነው። ሐምሌ ሲገባ ጎተራው ባዶ ነው፣ እርሻ ላይ ያለውም ገና አልደረሰም፣ እንሰቱ ግን ቅጠሉን ዘርግቶ ቤቱን እስከ ጣሪያው ይሸፍነዋል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ማድ ቤትሽ ውስጥ ድስት ይጣድ አይጣድ አያውቅም። ድስቱ ባዶም ቢሆን አንድ እንሰት ይወድቃል፣ ጎደሬ ይቆፈራል፣ ጎመን ይቀነጠሳል፤ ድንገተኛ እንግዳም ቤት ያፈራውን በልቶ ይሄዳል። ለእናንተ ለሴቶቹ የክረምት ጓሮ ትርጉሙ ይህ ነበር፤ ገበና ሸፋኝ ነው። የሰፈራችን ሴቶች አንዷን ሊያሞግሱ ሲፈልጉ መልኳን አይጠሩም፣ «ጓሮዋ ጨለማ ነው» ይላሉ፤ ቅጠሉ ፀሐይ አያሳልፍም ለማለት ነው። ያንቺ ጓሮ ጨለማ ነበር። እኔም በእሱ እኮራ ነበር፣ ያጨለምኩት እኔ ይመስል።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የወንዱን ሥራ አላጓደልኩም። ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ችግኙን አዛውሬ ተከልኩ። ፍጉ ግን ያንቺ ሥራ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከቡሬዋ ሥር ጠርገሽ በቅርጫት ለእያንዳንዱ እንሰት የምታደርሺው። መምህር የነበረ፣ በዚያ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ፍግ ተሸክሞ እንዴት ይታያል? አንድ ዘዴ አገኘሁ። ባዶ የዩሪያ ጆንያ አጥቤ ፍጉን በእሱ እየሞላሁ ማመላለስ ጀመርኩ፤ የሚያይ ሰው ማዳበሪያ የገዛሁ ይመስለዋል ብዬ። የቡሬዋን ፍግ ዩሪያ አስመስዬ ስሸከም ጥጃው ጆንያውን እያሸተተ ከኋላዬ ይከተለኛል። ሳቂ፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን በመንገዱ ላይ አንድም ሰው አለመኖሩን እያየሁ እንኳ ጆንያውን አልተውኩትም። እንዲህ ያለ ሰው ነበር ያገባሽ።

በሐምሌ ዳዊት ደወለ። ለጊፋታ ሚስቱንና እህቱን ይዞ እንደሚመጣ፣ ከበዓሉ በኋላ ግን እኔን ይዞ ወደ ሐዋሳ እንደሚመለስ ነገረኝ። ነገረኝ እንጂ አልጠየቀኝም። ቤቱ ይዘጋል፣ ቡሬዋ ትሸጣለች፣ እንሰቱ ተነቅሎ በቦታው ባሕር ዛፍ ይተከላል። «አባ፣ ባሕር ዛፍ ሰው አይፈልግም» አለኝ። ክፋት የለውም፣ ልጅሽ ክፉ አይደለም፤ ብቻዬን መሆኔ እንቅልፍ ነስቶት ነው። ቀጥሎ ግን «ለበዓሉም አታስብ፣ ቆጮውን ከገበያ እንገዛለን» አለኝ። ጓሮ ያለው ቤት ለአዲስ ዓመታችን ቆጮ ከገበያ ገዝቶ ከገባ ያ ቤት ፈርሷል፤ ባሕር ዛፉ ቢተከል ባይተከል ለውጥ የለውም። የዘንድሮን ጊፋታ ልጆቹን ከጓሮሽ ካበላሁ ግን «ቤቱ ቆሟል፣ እኔም አልወጣም» የምልበት አፍ ይኖረኛል አልኩ። በዚያ ቀን የወሰንኩት ይህንን ነው፤ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ታዲያ ማን ይፍቅልኝ? ሴቶቹ እንሰት የሚፍቁት ተራ ገብተው በየጓሯቸው እየዞሩ ነው። ሴት የሌለበት ቤት ተራ የለውም። የማርቆስ እናት አለች፤ አጥሯ ከአጥራችን የተያያዘ፣ ካንቺ ጋር ስትፍቅ ያረጀች። አንድ ቃል ብተነፍስ ጓደኞቿን ሰብስባ ትመጣ ነበር። ቃሉ ከአፌ አልወጣም። ደጇ ድረስ እሄድና ስለ ማርቆስ ትምህርት ጠይቄያት እመለሳለሁ። ልጁ እኮ ትምህርቱን ከጨረሰ ቆይቷል፤ እሷም ይህንን እያወቀች ደህና ነው ትለኛለች። ሩትን እንዳልጠራ ደግሞ፣ ትንሽ ሳለች ጓሮ ልትወስጃት ስትዪ «ተያት፣ ትምህርቷን ትማር» እያልኩ የከለከልኩ እኔው ነኝ።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሳያባራ ሲወርድ፣ ራሴ እፍቀዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ ጓሮ ድርሽ አይልም፤ አባቴም አላለም፣ እኔም አላልኩም። በዚህ ዕድሜዬ እንሰት ሲፋቅ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ሳንቃሽ የማድ ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ፣ የቀርከሃ መፋቂያሽም ጣሪያው ሥር ተሰክቶ አገኘኋቸው። በዝናብ ማን ይወጣል ብዬ ላስቲክ ደርቤ ገባሁ። ከሁሉ የወፈረው እንሰት መንገድ ዳር ያለው ስለነበር እሱን መረጥኩ። እናንተ ሁልጊዜ በቤቱ በኩል ያለውን እያስቀደማችሁ የመንገድ ዳሩን ለምን እንደማትነኩት አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። እንሰቱ ሲወድቅ ሁለት ታናናሾቹን ይዞ አጥሩ ላይ ተጋደመ፤ አጥሩም አብሮት ተኛ።

እኔ ይህንን ልብ አላልኩም። ሳንቃውን አዘንብዬ አቆምኩ። እግሬን የት እንደማሳርፍ ግራ ገብቶኝ ሳየው፣ ከሳንቃው አናት አጠገብ የተረከዝሽ ቦታ ጎድጉዷል። ተረከዜን እዚያ አስገባሁ፤ ጠበበኝ። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ፣ የኮባ ቅጠል ላይ ተቀምጬ፣ አንድ እግሬን ወደ ላይ ሰቅዬ መፋቅ ያዝኩ። ውኃው ፊቴ ላይ ይረጫል፣ እጄ ይንሸራተታል፣ ቃጫው አልላቀቅ ይላል። ቢሆንም እየሠራሁ ነበር፤ ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ቀና ስል መንገዱ ላይ ሴቶች ቆመዋል። የገበያ ቀን መሆኑን ረስቼዋለሁ፤ ዝናቡም አባርቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔም የቤቴን ገበና ልሸፍን ገብቼ የሸፈነኝን ቅጠል በገዛ እጄ ጥዬ፣ እግሬን ሰቅዬ ለገበያተኛ ታየሁ።

ሳቁ ክፉ ሳቅ አልነበረም። አንዷ «ቲቸር ዛሬ ፈተና ላይ ናቸው፣ አትረብሿቸው» ስትል ሌላዋ የተሸከመችውን ድንች አወረደች፣ ቆማ መሳቅ አቅቷት። በሞተር ያለፈ ጎረምሳ ጥሩምባውን ነፋልኝ፤ ዞር ብሎ ሲያይ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። እግሬን ከሳንቃው ላይ ማውረድ ነበረብኝ፤ አላወረድኩትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ካወረድኩት ይበልጥ የማፍር መስሎኝ ይሆናል። እንደ ሥዕል ደርቄ ቆየሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ቀረሁ። አመመኝ ብዬ ላክሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋሸሁት ለእግዚአብሔር ቤት ነው ብዬ እስካሁን ይከነክነኛል።

ሰኞ ዕለት የማርቆስ እናት በወደቀው አጥር በኩል ገባች። እኔ የቀረውን እንሰት ልጨርስ፣ ከመንገድ የማያሳየኝን ቦታ ፈልጌ፣ ወደ ውስጥ ካሉት ወፋፍራም እንሰቶች ሥር ሳንቃውን ወስጄ ተቀምጫለሁ። መሬቱ እዚያ ጋ ለጥ ያለ ነው፣ ደረቅ ኮባ ተነጥፎበት አገኘሁት፤ ለሥራ የተዘጋጀ መሰለኝ። የማርቆስ እናት አየችኝና አልሳቀችም። አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ቲቸር፣ ከዚያ ይነሡ፤ እዚያ የእሷ ቦታ ነው» አለችኝ።

የምትፍቂበት ቦታ መስሎኝ ተነሣሁ። የምትተኚበት ነበር።

ነገሩን የነገረችኝ ቆማ ነው፤ ተቀመጪ ብላትም አልተቀመጠችም። ያለፈውን ዓመት ክረምት ሙሉ ጎንሽን ይዘሽ እንደከረምሽ፣ ሐምሌ ሲገባ እንደጀመረሽ፣ ጥቂት ፍቀሽ እንሰቱ ሥር እንደምትጋደሚ፣ ያንቺን ድርሻ እነሱ እየተከፋፈሉ እንደሚፍቁልሽ ነገረችኝ። ለእኔ ትንፍሽ እንዳይሉ አስምለሻቸዋል። ጊፋታ ሳያልፍ፣ ልጆቹ መጥተው ሳይበሉ ቤቴ አይረበሽም ብለሻል። ሐኪም ቤት እንሂድ ሲሉሽ በቁጣ መልሰሻቸዋል። ሕመሙ ሲጠናብሽ ደግሞ «ዘምሩ» ትያቸው ነበር። እነሱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይዘምሩልሽ ነበር።

የዳዊት እናት፣ እኔ ያንን መዝሙር አውቀዋለሁ። ከቤቱ ፊት ለፊት ዋንዛው ሥር ወንበር አውጥቼ፣ ዝናብ ሲሆን በረንዳው ላይ ሆኜ፣ ከጓሮ ሲመጣ እሰማው ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። እነዚህ ሴቶች በዝናብ እንኳ ምስጋና አያልቅባቸውም ብዬ ለፓስተሩ ነግሬዋለሁ። ጓሮ አለመግባቴን ጨዋነት ነው እል ነበር፣ ወግ ነው እል ነበር። ቤቱን ዞሮ ለማየት ስንት እርምጃ ነው? ወጉ የተመቸኝ አንቺን ስላከበርኩ ነው ወይስ ቆጮው ተጋግሮ ሲመጣ መብላት ስለሚቀለኝ? መልሱን አውቀዋለሁ፤ መጻፍ ነው ያቃተኝ።

በዓሉ አልፎ ኦቶና ሆስፒታል ያደረስኩሽ ቀን ሐኪሙ መቼ እንደጀመረሽ ጠየቀኝ። አንቺን አልጠየቀም፤ ደክመሽ ነበር። እኔም እንደ ጥሩ ባል ፈጠን ብዬ «ሁለት ሳምንት ይሆናታል» አልኩት። አንቺ ወደ ግድግዳው ዞርሽ። ሕመሙ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ስለ እኔ ነው ያፈርሽልኝ፤ ባሏ ምንም አያውቅም እንዳይባል ፊትሽን ደበቅሽልኝ። ሞት ደጃፍ ላይ ሆነሽ እንኳ የእኔን ገበና ስትሸፍኚ ነበር።

አልዋሽሽም፣ ተቆጥቼሻለሁ። የማርቆስ እናት ከሄደች በኋላ ጓሮው መሃል ቆሜ ባንቺ ላይ ጮህኩ፤ ለምን አልነገርሽኝም ብዬ። ለሠላሳ ዓመት አንድ ማዕድ በልተን እንዴት ለጎረቤት የነገርሽውን ለእኔ ትደብቂያለሽ? ጩኸቴን ስጨርስ ጥጃው ብቻ ነው የሚያየኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ቢነግሩኝስ ምን አደርግ ነበር? ጊፋታን ሰርዤ እወስድሽ ነበር እላለሁ፤ ግን ደግሞ «እስቲ በዓሉ ይለፍና» ልል እንደምችል ራሴን አውቀዋለሁ። የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ እታመን እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

በማግስቱ የማርቆስ እናት አራት ሴቶች ይዛ መጣች። ሥራውን እንጨርሳለን፣ እርስዎ ይውጡ አሉኝ። አልወጣም አልኳቸው። ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን አንሥታ ሄደች፤ አልፈርድባትም፣ ከእናቷ የወረሰችው ወግ ነው። የቀሩት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ያን ቀን አልዘመሩም። ሀምቾውን፣ የእንሰቱን ሥር፣ እነሱ ቀጠቀጡት፣ ጉድጓዱንም በቅጠል አልብሰው የተፋቀውን እነሱ ቀበሩት፤ መፋቁን ግን ለማንም አልሰጠሁም። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊመክረኝ መጣ። የተከበረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ መግባት የለበትም፣ ለሐዘንም ልክ አለው አለኝ። በትሕትና ሰማሁት። ስሸኘው መፋቂያው በእጄ እንደነበር ያየሁት እጄን ለሰላምታ ስዘረጋ ነው።

እንግዲህ ጊፋታ ደረሰና ልጆችሽ መጡ። ቆጮው ጊዜው አጥሮበት በደንብ አልቦካም ነበር፤ ቢሆንም የማርቆስ እናት በቅቤ አሽታ ሙቿውን ሠራችልኝ፣ ማባያ ዳጣውንም ከቤቷ አመጣች። ቃጫው አልጠራም። ሁላችንም በየመሃሉ ከጥርሳችን ላይ ክር እንመዛለን፤ የዳዊት ሚስት የሰው አገር ልጅ ስለሆነች እንዲህ የሚበላ መስሏት በትዕግሥት ታኝካለች። ዳዊት «የሰፈሩን ሴቶች እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ እናታችንን አልረሷትም» አለ። ዝም ብል ያልፍ ነበር። እንዳልኩሽ፣ ለእኔ ዝም ማለት ቀላል ነው።

«እኔ ነኝ የፋቅኩት» አልኩ።

ዳዊት መጉረሱን አቆመ። ወደ ሚስቱ ዞሮ በአማርኛ «አባባ ይቀልዳል» አላት። ሊሸፍንልኝ ፈልጎ ነው፤ ያንቺ ልጅ አይደል። ሩት እጄን ይዛ ገለበጠችው፤ መዳፌ የተላጠበትን አየች። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የምትተኚበትን ቦታ፣ መሐላውን፣ መዝሙሩን። ሩት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ዳዊት ግን አላለቀሰም። ሣህኑን ገፋ አድርጎ ስልኩን አወጣ። ያለፈውን ዓመት ነሐሴ ለጥቂት ቀን ዕረፍት መጥቶ እንደነበር ታስታውሻለሽ። በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ፣ ከጓሮ የሚመጣው መዝሙር ደስ ብሎት ቀድቶታል። ሐዋሳ ሆኖ ቤት ሲናፍቀው ይሰማው ነበር አለን።

አጫወተው። ዝናቡ ይሰማል፣ ሴቶቹ ይሰማሉ፣ የእኔ ሳል በመሃል ይሰማል። የማርቆስን እናት ድምፅ ለየናት፣ ሌሎቹንም አንድ በአንድ ለየናቸው። ያንቺን ድምፅ ፈለግን። ዳዊት እየመለሰ ደጋግሞ አጫወተው። የለሽም። አንድ ጊዜ እንኳ አልዘመርሽም።

በሁለተኛው ቀን ሲሄዱ ስለ ሐዋሳ አላነሣም፣ ባሕር ዛፉንም አላነሣም። ጓሮ ገብቶ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ወጣ፤ ጫማው ጭቃ ነበር፣ ሳይጠርገው መኪና ውስጥ ገባ። እንግዲህ እኔ እዚሁ ነኝ። ያሰብኩት ሆኗል፣ ቤቱ አልተዘጋም፤ ግን አሸነፍኩ ለማለት አፍ የለኝም። ቤቱን ያቆምሽው አንቺ እንደሆንሽ፣ ምን ከፍለሽ እንዳቆምሽውም፣ ዘግይቼ አወቅኩ።

ፍጉን አሁን በቅርጫት ነው የማወጣው። ሰላም የሚለኝን ቆሜ ሰላም እላለሁ። ማፈሬ ግን አልቀረም፤ ይቅር ቢለኝም አልፈልግም። ጎንበስ ብዬ መፋቄ ነው መሰለኝ ከዚያ ወዲህ ወገቤን ያመኛል። ጠዋት ከአልጋ ስነሣ ግድግዳ ይዤ ነው። ሩት ሶዶ ወስጄ ላሳይህ ትለኛለች፤ እሺ እያልኩ አቆያታለሁ። ሌላ የምትታወሺበት ሐውልት የለኝም፤ ሲያመኝ አስብሻለሁ፣ ሲያመኝ ደግሞ በየቀኑ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ምእመናኑ ወገቤ እንዲድን ቆመው ጸለዩልኝ። ሁሉም ዓይኑን ሲጨፍን እኔም ጨፈንኩ፤ አሜን ማለት ግን አፈርኩ።

የዳዊት አባት